በመኪናዎ ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ ድምፅ፦ የትኛውን ማጥፋት ይቻላል? የትኛውስ መጥፋት የለበትም?

ዘመናዊ ተሽከርካሪዎች ከሞተራቸው ከሚወጣው ድምፅ በተጨማሪ በኮምፒዩተር ተቀናብሮ በድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ ድምፅ ማሰማታቸው እየተለመደ መጥቷል። በዚህም የተነሣ አንዳንድ የስፖርት መኪና ባለንብረቶች «የምንሰማው የሞተሩ እውነተኛ ድምፅ አይደለም» በማለት ድምፁ እንዲቋረጥላቸው ይፈልጋሉ። በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ቁጥራቸው እየጨመረ በመጣው የኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይም ተመሳሳይ ፍላጎት ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ በአንድ መኪና ውስጥ ያሉት ሰው ሠራሽ ድምፆች ዓላማቸው የተለያየ ነው። አንዱን ማጥፋት የባለንብረቱ ምርጫ ሲሆን፣ ሌላውን ማጥፋት ግን በመንገድ ላይ ያለን ሰው ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱን ለማስረዳትና ባለንብረቶች ከመወሰናቸው በፊት ሊያጣሩ የሚገባቸውን ለማመልከት የተዘጋጀ ነው።

1. ለአሽከርካሪው የሚሰማ የሞተር ድምፅ

የነዳጅ ፍጆታንና የጭስ ልቀትን ለመቀነስ ሲባል ትልልቅ ሞተሮች ተርቦ በተገጠመላቸው ትናንሽ ሞተሮች እየተተኩ መጥተዋል። ተርቦ የጭስ ማውጫውን ድምፅ ያፍናል፤ የመኪናው አካል ድምፅ እንዳያስገባ ተደርጎ መሸፈኑም አሽከርካሪው ሞተሩን እንዳይሰማ ያደርጋል። የስፖርት መኪና ገዢዎች ግን የሞተሩን ግርማ መስማት ስለሚፈልጉ አምራቾች ድምፁን በሌላ መንገድ ወደ ውስጥ መመለስ ጀመሩ። ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. በ2011 ለገበያ ባቀረበው ኤም 5 መኪና የሞተሩን ድምፅ በሙዚቃ ማጫወቻው ድምፅ ማጉያዎች በኩል እንዲሰማ አድርጓል። ፎርድም ባለ አራት ሲሊንደር ተርቦ ሞተር በገጠመለት የ2015 ሙስታንግ ተመሳሳይ ዘዴ ተጠቅሟል። ቮልስዋገን በበኩሉ ከፊት መስታወት ሥር የሚገጠምና በንዝረት ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ አውሏል።

ይህ ድምፅ የሚሰማው በመኪናው ውስጥ ላሉ ሰዎች ነው። ቢጠፋ የሞተሩ ጉልበት፣ የነዳጅ ፍጆታውም ሆነ የፍሬኑ አሠራር አይለወጥም። በመሆኑም ማቆየቱም ሆነ ማጥፋቱ የባለንብረቱ ምርጫ ነው።

2. ጩኸትን የሚያጠፋው ሥርዓት

ሁለተኛው ድምፅ ዓላማው ጸጥታን መፍጠር ነው። በጣሪያው ጨርቅ ውስጥ የተቀበሩ ማይክሮፎኖች የሞተሩንና የጭስ ማውጫውን ዝቅተኛ ጉምጉምታ ያዳምጣሉ፤ ኮምፒዩተሩም ተቃራኒ የሆነ የድምፅ ሞገድ አዘጋጅቶ በድምፅ ማጉያዎቹ ይለቃል። የአንዱ ሞገድ ከፍታ ከሌላው ዝቅታ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ይጣፋሉ። ሥርዓቱ ውጤታማ የሚሆነው በዝቅተኛ ድምፆች ላይ እንጂ እንደ ነፋስ ፉጨት ባሉ ቀጫጭን ድምፆች ላይ አይደለም።

ሥርዓቱ የሚቀናበረው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ በነበረው ማርሚታ፣ ድምፅ ማጉያና የውስጥ ክፍል ልክ ነው። ባለንብረቱ ማርሚታውን በሌላ ከቀየረ ወይም አዲስ አምፕሊፋየር ካስገጠመ ስሌቱ ስለሚፋለስ፣ ጩኸት ማጥፋት የነበረበት ሥርዓት ራሱ ጆሮ የሚያደነቁር ጉምጉምታ ሊፈጥር ይችላል። በዚህ ጊዜ ሥርዓቱን ማቋረጥ ተገቢ መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስከትለው ለውጥም በመኪናው ውስጥ የሚሰማው ጩኸት መጨመሩ ነው።

3. ለእግረኛው የተሠራው ድምፅ

ሦስተኛው ድምፅ ከሁለቱ ፈጽሞ የተለየ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በዝግታ ሲጓዝ ከሞላ ጎደል ድምፅ የለውም። ፍጥነቱ ሲጨምር የጎማውና የነፋሱ ድምፅ ስለሚሰማ ችግሩ ይቀንሳል፤ በመንደር ውስጥ፣ በማቆሚያ ስፍራ፣ በትምህርት ቤት በር ላይና ወደ ኋላ ሲሄድ ግን እግረኛው መምጣቱን የሚያውቅበት ምልክት ያጣል። ማየት የተሳናቸው ወገኖች መንገድ የሚሻገሩት በጆሯቸው ተማምነው ነው። ሕፃናት ግራና ቀኝ ሳያዩ ይሮጣሉ። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ወይም በተዘጋበት ቦታ ሰዎች ከመኪና ጋር መንገድ ይጋራሉ። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት ሰዎች የሚበዙት እግረኞች መሆናቸውም የጉዳዩን ክብደት ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመና ከ2013 እስከ 2017 ያለውን የብሪታንያ የአደጋ መረጃ የመረመረ ጥናት፣ ለተጓዙት ርቀት ሲሰላ የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪናዎች እግረኛን የመግጨት ዕድላቸው ከነዳጅ መኪናዎች በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አመልክቷል። ጥናቱ የሸፈናቸው ዓመታት በአውሮፓ የማስጠንቀቂያ ድምፅ አስገዳጅ ከመሆኑ በፊት ያሉት ናቸው።

በዚህ ምክንያት በተባበሩት መንግሥታት ማዕቀፍ የወጣው ደንብ ቁጥር 138 የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪናዎች እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጓዙና ወደ ኋላ ሲሄዱ የሚሰማ ድምፅ እንዲያወጡ ያዛል። የድምፁ ዝቅተኛ መጠን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 50 ዴሲቤል፣ በ20 ኪሎ ሜትር ደግሞ 56 ዴሲቤል ነው። ይህም ከተራ ንግግር የማይበልጥ ድምፅ በመሆኑ አካባቢን አይረብሽም። መኪናው ሲፈጥን የድምፁ ቅጥነት አብሮ ስለሚለወጥ፣ የሚያዳምጠው ሰው ፍጥነቱ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን ይለያል። የአውሮፓ ኅብረት ግዴታውን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በአዳዲስ ሞዴሎች፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ በሁሉም አዳዲስ መኪናዎች ላይ ተግብሯል። በአሜሪካ ደግሞ ግዴታው እስከ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይደርሳል።

ቀደም ሲል የተመረቱ አንዳንድ መኪኖች ይህን ድምፅ ለጊዜው የሚያቋርጥ ቁልፍ ነበራቸው። ይኸው ቁልፍ በኋላ በደንቡ ማሻሻያ ተከልክሏል። ድምፁን በሌላ ድምፅ መሸፈንም ተቀባይነት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 የቴስላ ኩባንያ መኪናው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ በውጭ ድምፅ ማጉያው ሙዚቃ ማጫወት የሚያስችለው አገልግሎት የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ስለሚሸፍን፣ በአሜሪካ ከ570 ሺህ በላይ መኪናዎቹን ለማስተካከል ተገዷል።

ሁለቱ ድምፆች በአንድ መኪና ላይ ሊገኙም ይችላሉ። ለምሳሌ ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን የተባለው የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና አሽከርካሪው ሲፈልግ የሚከፍተውና የሚዘጋው የሞተር ድምፅ አለው፤ የእግረኛው ማስጠንቀቂያ ግን ከዚህ የተለየ ነው። «የመኪናውን ሰው ሠራሽ ድምፅ አጥፋልኝ» ብሎ ለመካኒክ ማዘዝ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

4. ለማጥፋት ከመወሰንዎ በፊት

ሀ. መጀመሪያ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍና የስክሪኑን ማስተካከያ ይመልከቱ። ብዙ መኪናዎች የውስጡን የሞተር ድምፅ ለመቀነስ ወይም ለማጥፋት የሚያስችል ምርጫ አላቸው። የስክሪኑ ቋንቋ ቻይንኛ ወይም ሌላ የማያነቡት ቋንቋ ከሆነ፣ በግምት ከመንካት ይልቅ አስመጪውን ወይም ቋንቋውን የሚያውቅ ባለሙያ ይጠይቁ።

ለ. የሚጠፋው የውስጥ ድምፅ ብቻ መሆኑን ለጋራዡ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የተሠራውን ሥራ የሚገልጽ ደረሰኝም ይያዙ። መኪናው ዋስትና ካለው ማሻሻያው ዋስትናውን የማያሳጣዎት መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ሐ. ፊውዝ በመንቀል ወይም ሽቦ በመቁረጥ ድምፅ እንዲጠፋ አይፍቀዱ። በብዙ መኪናዎች የቀበቶ ማስታወሻ፣ የፍሬቻ ድምፅና የማቆሚያ ሴንሰር ማስጠንቀቂያ የሚሰሙት በዚያው አምፕሊፋየርና በእነዚያው ድምፅ ማጉያዎች ነው። ማይክሮፎን ለመንቀል የጣሪያውን ጨርቅ መፍታት የሚያስፈልግ ከሆነም በጣሪያው ጠርዝ የጎን ኤርባግ ሊኖር ስለሚችል ሥራው ለሠለጠነ ባለሙያ ይተው። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ያሉት ብርቱካንማ ሽቦዎች ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያስተላልፉ በመሆናቸው ፈጽሞ አይነኩ።

መ. ሥራው ሲጠናቀቅ መኪናውን ከመረከብዎ በፊት የቀበቶ፣ የፍሬቻና የማቆሚያ ሴንሰር ድምፆች መሥራታቸውን ይፈትሹ። መኪናው ኤሌክትሪክ ወይም ሃይብሪድ ከሆነ፣ ሰው በሌለበት ገላጣ ቦታ መኪናውን በኤሌክትሪክ ኃይል ከ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት በታች ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ፣ በአስተማማኝ ርቀት ከጎን የቆመ ሌላ ሰው ድምፁን እንዲያዳምጥ ያድርጉ። መስኮት ዘግቶ ከውስጥ ማዳመጥ በቂ አይደለም።

ሠ. ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዙም ይህንኑ ፍተሻ ያድርጉ። የቀድሞው ባለንብረት ድምፁን አቋርጦት ከሆነ ከአስመጪው ወይም ከባለሙያ ጋር በመነጋገር ያስመልሱት። እስኪመለስ ድረስ በመንደር ውስጥና ወደ ኋላ ሲሄዱ ፍጥነትዎን ቀንሰው፣ መንገዱን ቃኝተውና እግረኛው እንዳየዎት አረጋግጠው ያሽከርክሩ።

በአጠቃላይ በመኪናው ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ለተሳፋሪው ምቾት ሲባል የተሠራ በመሆኑ የባለንብረቱ ነው፤ እንደ ፍላጎቱ ሊያስተካክለው ይችላል። ወደ ውጭ የሚሰማው ማስጠንቀቂያ ግን የእግረኛው ነው። ባለንብረቶች፣ አስመጪዎችና የጋራዥ ባለሙያዎች ይህንን ልዩነት ተገንዝበው የእግረኞችን ደኅንነት የመጠበቅ ኃላፊነታቸውን እንዲወጡ መልእክታችንን እናስተላልፋለን።