ስለ ላሜራና ቀለም ሥራ ቃላት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። የዞኑ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ በገበያው አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። በእንደዚህ ያለ ቦታ የተሽከርካሪ አካል ጥገናና ቀለም ቅብ የሚማር ወጣት የሥልጠና ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ያነባል፤ የአሠልጣኙን ትእዛዝ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ይሰማል፤ የሚነካካቸውን የመኪና ክፍሎች ደግሞ ከጣልያንኛ በተወረሱ ስሞች ይጠራል። በትብብር ሥልጠና ሥርዓት መሠረት የልምምዱ ሰፊ ክፍል በሥራ ቦታ የሚፈጸም በመሆኑ፣ ሠልጣኙ እጁን የሚያፍታታው ባለቤቱ ቆሞ በሚጠብቀው መኪና ላይ ነው። ስለዚህ አሻሚ ቃል የሚያስከትለው ጉዳት ከደንበኛው ንብረት ላይ ይደርሳል።

ስሞቹን በሚመለከት የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ብዙ የሚጨነቅበት ምክንያት የለም። ላሜራ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። በምንጫቸው ኮፈን ሣጥን፣ ፍሬቻ ፍላጻ፣ ፓራፋንጎ ጭቃ ከላካይ ማለት ነው። ተናጋሪው ይህን ባያውቅም የትኛው የመኪና ክፍል እንደ ተጠራ አይስትም፤ ስለሆነም ምትክ መፈለጉ ትርፍ ድካም ይመስለኛል። ድርጊቱን የሚገልጹት ግሦች አብዛኞቹ የራሳችን ናቸው፦ የተሰረጎደውን ያቃናል፣ ይበይዳል፣ ይፍቃል፣ ይቀባል፣ ይወለውላል።

ችግር የሚነሣው አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲሸከም ነው። ስቱኮን እንመልከት። የቤት ቀቢ ስቱኮ የሚለው በውሃ የሚበጅና ውሃው ሲተን የሚደርቅ የግድግዳ መለሰኛ ነው። የመኪናው ስቱኮ ግን ከፖሊስተር የተሠራ ሲሆን፣ ጥቂት ማጠንከሪያ ሲቀላቀልበት በኬሚካዊ ለውጥ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። ማጠንከሪያ ከጎደለው ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ቢውልም እንደሚገባ አይጠናም፤ ከልክ በላይ ከበዛበት ደግሞ በላዩ የሚረጨውን ቀለም ሊያበላሸው ይችላል። የግድግዳ ሥራ የሚያውቅ ሠልጣኝ «ስቱኮውን ለውሰህ ቀባ፤ ሲደርቅ ፍቀው» ቢባል፣ የሚበቃውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለውሶ ከእጁ ላይ ሲጠነክርበት ይደነግጣል። አሳሳቹ ቃል ስቱኮ ብቻ አይደለም፤ ደረቀ የሚለው ግሥም ነው። በመሆኑም ስቱኮ በመዝገበ ቃላት በሁለት የተለዩ ፍቺዎች እንዲገባ፣ ለሁለተኛው ፍቺም ጠነከረ የሚለው ግሥ እንዲመደብ ያስፈልጋል። ይህ ልዩነት በአፋን ኦሮሞም አለ፤ ጎጉ መድረቅ፣ ጀባቹ መጠንከር ነው። ተርጓሚው ሁለቱን ማቀላቀል የለበትም።

ቀባ የሚለውም ተመሳሳይ ጉድለት አለበት። ቅባትም ይቀባል፣ ንጉሥም ይቀባል፣ በርም ይቀባል። የአፋን ኦሮሞው ዲቡ እንደዚሁ ዘይትንም ቀለምንም ያጠቃልላል። መኪና ላይ ግን የመጨረሻው ቀለም የሚያርፈው በታመቀ አየር ተረጭቶ ነው። አማርኛ ረጨ፣ አፋን ኦሮሞ ቢፉ የሚሉ ግሦች እያሏቸው ብሩሽና የቀለም መርጫ በአንድ ግሥ የሚታዘዙበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉ የሚከብደው የባለሙያው መጠሪያ ነው። አካል ጥገና የሚለው ስያሜ ተሽከርካሪ የሚለው ቃል ከፊቱ ከተነሣ ሆስፒታል ውስጥ ይገባል። በጥንቱ ቋንቋ ብረትን በመዶሻ የሚያቃናው ሰው ቀጥቃጭ ነበር። አፋን ኦሮሞም ቱሙ፣ ማለትም ቀጠቀጠ፣ ከሚለው ግሥ ቱምቱ የሚለውን ስም አውጥቷል። ሁለቱ ቋንቋዎች ባለሙያውን ከእጁ ድርጊት ሰይመውታል፤ ኅብረተሰቡ ግን በስሙ ላይ ንቀት ጨመረበት። ከጠቢብ የወጣው ጠይብ እንኳ ስድብ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ የገቡትም በዚያው ዓመት ነበር። አዋጁ ቢወጣም ንቀቱ ወዲያው አልጠፋም። ላሜራ የሚለው ባዕድ ቃል ተቀባይነት ያገኘው፣ የአዲሱን ዘመን ብረት ሠሪ ከአሮጌው ስድብ ስለ ለየው ጭምር ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

ስለዚህ ላሜራ ሠሪ ዋና መግቢያ ቃል ሊሆን ይገባል። ቀጥቃጭና ቱምቱ ከነታሪካቸው ተብራርተው ይግቡ። ቀጠቀጠ የሚለው ግሥ ግን በየጋራዡ ያለ ኀፍረት የሚነገር ስለሆነ፣ የተሰረጎደን ላሜራ በመዶሻ ማቃናት የሚለው ፍቺ ተጨምሮለት ይመዝገብ።