ምስጢርን የሚጠብቀው ቁልፉ ነው

የዛሬው ንግግራችን ስለ ምስጢር ጽሑፍ ነው። የፊደል ገበታችሁን ከፊታችሁ ዘርጉ።

ማንበብ የማይችል ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ለጎረቤት ልጅ ይሰጣል። ልጁ ያነብለታል። ምስጢሩም ሦስተኛ ሰው ዘንድ ገባ ማለት ነው። ራሱ የሚያነብ ሰው ከዚህ ይድናል። ግን ደብዳቤው መንገድ ላይ ሌላ ማንበብ የሚችል ሰው እጅ ቢገባስ? ያን ጊዜ ጽሑፉን መቆለፍ ያስፈልጋል።

እንዴት? አንድ የአምቦ ነጋዴ ጌዶ ላለው ወንድሙ «ነገ ና» ብሎ ሊልክ ፈለገ እንበል። ሁለቱ አስቀድመው «ቁልፋችን 1 ነው» ተባብለዋል። እያንዳንዱን ፊደል በገበታው ላይ አንድ መስመር ወደ ታች ያወርዱታል ማለት ነው። ከ«ነ» ቀጥሎ «ኘ» አለ። ከ«ገ» ቀጥሎ «ጠ» አለ። «ና» ደግሞ «ኛ» ይሆናል። ስለዚህ «ኘጠ ኛ» ብሎ ይጽፋል። ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አይገባውም። ወንድምየው ግን አንድ አንድ መስመር ወደ ላይ እየመለሰ ያነበዋል። በቁቤ የምትማሩም በቁቤው ተራ ሞክሩት። የሮማው ዩልዮስ ቄሣር ከ2,000 ዓመት በፊት ፊደሉን በ3 እያሸጋገረ እንዲህ ይጽፍ ነበር።

ይህ ቁልፍ ግን ደካማ ነው። ገበታችን 33 መስመር ስላለው ቁልፉ ከ32 አይበልጥም። ሌባ ሁሉንም አንድ በአንድ ቢሞክር ቡና ሳይፈላ ይደርስበታል። ባለ 4 አሐዝ ቁጥር ቢሆን 10,000 ጊዜ መሞከር አለበት። ባለ 6 አሐዝ ቢሆን 1,000,000 ጊዜ!

ጓጉንቸር ከገበያ ስትገዙ ሌባውም ያንኑ ዓይነት መግዛት ይችላል። የእናንተን በር የሚከፍተው ግን የእናንተ ቁልፍ ብቻ ነው። ኦጉስት ኬርክሆፍስ የተባለ መምህር በ1883 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጽፏል፦ ዘዴውን ጠላት ቢያውቀውም ግድ የለም፤ የሚደበቀው ቁልፉ ነው።

ታዲያ ቁልፉን ሩቅ ላለ ሰው እንዴት እናደርሳለን? ይህ ለብዙ ዘመን ያስቸግር ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. ዲፊና ሄልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አዲስ ሐሳብ አወጡ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያለውን ሙዳየ ምጽዋት አስቡ። ማንም ይከትበታል፤ የሚያወጣው ግን ቁልፍ የያዘው ብቻ ነው። በእነሱ ሐሳብም ቁልፉ ሁለት ነው። መቆለፊያው ለሁሉ ይሰጣል፤ መክፈቻው ይደበቃል። ዛሬ ስልክና ባንክ መልእክት ሲለዋወጡ በዚህ ሐሳብ ይጠቀማሉ።

ነገሩ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ጀመሩ። ጤፍ የሸጠ ገበሬ ገንዘቡን በስልኩ መቀበል ይችላል። የምስጢር ቁጥሩ የገንዘቡ ቁልፍ ነው።

ሌባ ይህን ጓጉንቸር መስበር ያቅተዋል። ስለዚህ ቁልፉን ከባለቤቱ ይጠይቃል! «ከባንክ ነው የምደውለው፤ ሽልማት ደርሶዎታል፤ ስልክዎ ላይ የመጣውን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላል። አትንገሩት። እውነተኛ ባንክ ደውሎ የምስጢር ቁጥር አይጠይቅም። ስልኩን ዝጉና ራሳችሁ ባንክ ሄዳችሁ ጠይቁ።

አንዳንዶቻችን ደግሞ «ልጄ፣ ቁጥሬ ይኸ ነው፤ ላክልኝ» እንላለን። ልጁ ታማኝ ይሆናል። ቁልፉ ግን ሁለት ሰው ዘንድ ሆነ። ከ0 እስከ 9 ያሉትን አሐዞች የለየ ሰው ቁጥሩን በገዛ ጣቱ መንካት ይችላል። እናንተም ለይታችኋል። 1234ን ወይም የልደት ዘመናችሁን ግን አትምረጡ፤ ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው።

መልመጃ፦ ቁልፉ 1 ነው። «ቡሕፕ» ምን ማለት ነው? ፈትታችሁ በደብተራችሁ ጻፉት። መልሱን በሚቀጥለው ንግግራችን እናነባለን። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።