የስፒዶሜትሩ መርፌ ሲዋሽ

በዛሬው የሙያ ትምህርት ገጻችን የምናየው ትንሽ የሚመስል ግን ሕይወት የሚነካ ነገር ነው፤ የድሮ መኪና ስፒዶሜትር ሲበላሽ እንዴት ይጠገናል?

እዚህ ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ቆም ብላችሁ የሚያልፈውን መኪና ብታዩ አብዛኛው ቶዮታ ነው። ጃፓን አገር ተሠርቶ፣ ብዙ ዓመት ተነድቶ፣ ብዙውን ጊዜ በዱባይ በኩል አድርጎ በበርበራ ወደብ የገባ ነው። መንገዱ በቀኝ የሚነዳበት ሲሆን የመኪናው መሪም በቀኝ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ለመቅደም ሲፈልግ ከፊት የሚመጣውን ቶሎ አያይም። ከሐርጌሳ በርበራ ያለው 160 ኪሎሜትር ያህል መንገድ ደግሞ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ እስከ ባሕሩ ይወርዳል፤ ግመሉም ፍየሉም ያቋርጠዋል። እንዲህ ባለ መንገድ ፍጥነትን በግምት መያዝ አይቻልም። ዓይን ይታለላል፤ ለረጅም ጊዜ በ100 የነዳ ሰው ወደ 60 ሲቀንስ የቆመ ይመስለዋል።

«ሞቷል፣ ተወው» የሚባል መርፌ አለ። የሚዋሽ መርፌም አለ። የሞተውን ማንም አያምነውም፤ የሚዋሸውን ግን ሹፌሩ ያምነዋል። ስለዚህ መርፌውን እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ብቻውን ጥገና አይባልም፤ እውነቱን መናገሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አሠራሩ

ገመድ ያለው ስፒዶሜትር ሦስት ክፍሎች አሉት።

1ኛ. ካምቢዮው ላይ ያለች ትንሽ ጥርስ (ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ)። መኪናው ሲሄድ ትዞራለች።

2ኛ. ጋራዥ ውስጥ ካቦ የሚባለው ገመድ። ውስጡ የሚዞር የተጠቀለለ ሽቦ ነው፤ ውጪው የማይዞር ሽፋን ነው።

3ኛ. ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መለኪያ ራሱ። ገመዱ እዚያ ውስጥ ያለ ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ ከአሉሚኒየም ከተሠራች ትንሽ ኩባያ ጋር አይነካካም። ነገር ግን የሚዞር ማግኔት አሉሚኒየሙ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጥራል፤ ይህም ኩባያዋን አብራ እንድትዞር ይጎትታታል። ቀጭን ሞላ ደግሞ ወደኋላ ይይዛታል። ፍጥነት ሲጨምር ጉተታው ያይላል፣ ኩባያዋ ላይ የተተከለው መርፌም ይወጣል። ይህን አሠራር ኦቶ ሹልትሰ የተባለ ጀርመናዊ በ1902 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል።

መምህራን፣ ይህን ክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። ከተበላሸ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ጠንካራ ማግኔት አውጡና አዘንብላችሁ በያዛችሁት ወፍራም አሉሚኒየም ላይ አንሸራቱት። አሉሚኒየም በማግኔት አይሳብም፤ ሆኖም ማግኔቱ እጅ የያዘው ይመስል ቀስ እያለ ይወርዳል።

በሽታውን መለየት

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት መርፌውንና ኪሎሜትር ቆጣሪውን አብራችሁ ተመልከቱ። ሁለቱም በአንድ ገመድ ነው የሚንቀሳቀሱት።

- መርፌውም ቆጣሪውም ከቆሙ፤ ገመዱ ተበጥሷል፣ ወይ ከቦታው ወጥቷል፣ ወይ የካምቢዮዋ ጥርስ ተበልታለች።
- ቆጣሪው እየሠራ መርፌው ከሞተ፤ ገመዱ ደህና ነው። ችግሩ መለኪያው ውስጥ ነው።
- መርፌው የሚዘል፣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወይም ጩኸት ካለ፤ ገመዱ ደርቋል፣ አቧራ ገብቶበታል ወይም ታጥፏል። ሳይበጠስ ድረሱለት።
- መርፌው ሳይዘል ከእውነተኛው በታች የሚያሳይ ከሆነ፤ ማግኔቱ ደክሟል ወይም ትልቅ ጎማ ገብቷል።
- ከእውነተኛው በላይ የሚያሳይ ከሆነ፤ ሞላው ላልቷል ወይም ጎማው ትንሽ ነው።

ጥገናው

መጀመሪያ ደህንነት። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዱ። ክሪክ ብቻውን በያዘው መኪና ሥር ፈጽሞ አትግቡ፤ ጠንካራ ድጋፍ አስገቡ። ዳሽቦርድ ከመፍታት በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል።

ገመዱን ከመለኪያው ጀርባ አውጡ። ብዙዎቹ ላይ የፕላስቲክ መያዣውን ጫን አድርጎ መሳብ ነው፤ አንዳንዱ በክር ይፈታል። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ፣ ከፍ ያለውን የሚነዳ ጎማ (በኋላ ጎማ በሚነዱት የኋላውን) ባልደረባችሁ በእጁ ያዙርላችሁ። ዳሽቦርድ በኩል የሽቦው ጫፍ ይዞራል? ከዞረ ጥርሷም ገመዱም ደህና ናቸው፤ ወደ መለኪያው ሂዱ። ካልዞረ ካምቢዮ በኩል ያለውን ጫፍ ፈትታችሁ ሽቦውን ሳቡት። ተበጥሶ ከወጣ ገመዱ ይቀየር። ሙሉ ከሆነ ጥርሷን አውጥታችሁ እዩ።

ገመዱ ደርቆ ከሆነ ሽቦውን አውጡ፣ አጽዱ፣ ስስ ግራሶ ቀቡት። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል፤ ግራሶ በበዛ ቁጥር ጥሩ ይመስለዋል። መቀባት ያለበት ከታች ካምቢዮ በኩል ያለው ሁለት ሦስተኛው ነው። ላይኛው ጫፍ ከተቀባ ግራሶው እየተጠመዘዘ መለኪያው ውስጥ ገብቶ ኩባያዋን ያጣብቃታል። አዲሱን ገመድ ስትመልሱም በድንገት የሚታጠፍበት ቦታ አይኑር፤ ሰፋ ብሎ ይዙር። ካልሆነ በአጭር ጊዜ ይበጠሳል።

መለኪያውን ለብቻው መፈተን ይቻላል። በጃፓን ደረጃ የተሠራ ስፒዶሜትር ገመዱ በደቂቃ 637 ጊዜ ሲዞር 60 ኪሎሜትር በሰዓት ማሳየት አለበት። ፍጥነቱ የታወቀ ትራፓኖ ካላችሁ፣ ገመዱ መኪናው ወደፊት ሲሄድ በሚዞርበት አቅጣጫ አዙሩት። መለኪያው ውስጥ ያለውን ሞላ ግን በካቻቢቴ አትነካኩ፤ ከፀጉር የማይተናነስ ነው። እሱ ከሆነ ሙሉውን መለኪያ መቀየር ይሻላል።

ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ገመድ የለም፤ ካምቢዮው ላይ ያለ ሴንሰር ምልክት በሽቦ ይልካል። እነዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ፊውዝ፣ የሽቦ መገናኛ (አቧራና ዝገት)፣ ከዚያ ሴንሰር ነው።

በሰዓት መፈተሽ

አሁን መርፌው ተነሳ። ጨረስን? ገና ነን። የተለካ 1 ኪሎሜትር ፈልጉ። ሹፌሩ መርፌውን 60 ላይ ሳያነቃንቅ ይያዝ፤ ሰዓቱን የሚይዘው ግን ሌላ ሰው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 3,600ን ለሰከንዱ ማካፈል።

60 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ 60 ነው፤ መርፌው እውነተኛ ነው። 72 ሰከንድ ከፈጀ እውነተኛው 50 ነው፤ መርፌው ያጋንናል። 54 ተኩል ሰከንድ ከሆነ ግን መኪናው በ66 እየሄደ 60 ነው ይላል። አደገኛው ይሄ ነው። ዓለም አቀፉ የስፒዶሜትር ደንብም መለኪያ ትንሽ አጋኖ ቢያሳይ ይፈቅዳል፤ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዲያሳይ ግን በፍጹም አይፈቅድም።

6 ኪሎሜትር ምን ያህል ነው ትሉ ይሆናል። የመኪና ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ በ10 በመቶ ሲጨምር ፍሬን ማቆም ያለበት ጉልበት በ21 በመቶ ይጨምራል። ግመሉ ፊት ለፊት ሲቆም ያቺ ልዩነት ብዙ ናት።

ስለ ቆጣሪው አንድ ነገር

ስፒዶሜትር የፈታ ሰው ቆጣሪውም እጁ ላይ ነው። «ትንሽ መልስልኝ፣ ልሸጠው ነው» የሚል ደንበኛ ይመጣ ይሆናል። ቁጥሩ ሲመለስ ገዢው የመኪናውን ድካም አያውቅም፤ መለወጥ ያለበት ዕቃም ጊዜው ያልፋል። መለኪያው ከተቀየረ የድሮውን ንባብና ቀኑን ጽፋችሁ ለባለቤቱ ስጡ። ሥራ ፈላጊ ስደተኛ ለሆነ ሰው ደግሞ ከመፍቻው በፊት የሚታየው ስሙ ነው።

መለማመጃ

1. የመኪና ጎማ ዙሪያው 1.80 ሜትር ነበር፤ በ1.98 ሜትር ተቀየረ። መርፌው 60 ሲል እውነተኛው ፍጥነት ስንት ነው?
2. ይኸው መኪና ዘይት በየ5,000 ኪሎሜትር ይቀየርለታል። ቆጣሪው 5,000 ሲሞላ በእውነት ስንት ሄዷል?
3. ገመዱ በ1 ኪሎሜትር 637 ጊዜ ይዞራል። ከሐርጌሳ በርበራ 160 ኪሎሜትር ሲሄድ ስንት ጊዜ ይዞራል?

(መልስ፤ 1. 66 ኪሎሜትር በሰዓት፣ 2. 5,500 ኪሎሜትር፣ 3. 101,920 ጊዜ።)