ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ለምን ይከብዳል?

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ምሽት በፓሪሱ ፓርክ ደ ፕሪንስ ስታዲየም ተመልካች አልነበረም። ኮሮና በሩን አዘግቶታል። በሻምፒዮንስ ሊጉ ጥሎ ማለፍ የመጀመሪያ ጨዋታ በዶርትሙንድ 2ለ1 ተሸንፎ የነበረው ፓሪ ሰን ዠርመ በመልሱ 2ለ0 አሸንፎ ሩብ ፍጻሜ ገባ። የመጀመሪያዋን ጎል በጭንቅላቱ ያስቆጠረው ኔይማር ሜዳው ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። ከጨዋታው በኋላም የቡድኑ ተጨዋቾች ተሰብስበው ያንኑ ደገሙት። ሙድ የተያዘበት በመጀመሪያው ጨዋታ ሁለት ጎል ያገባባቸው የ19 ዓመቱ ኤርሊንግ ሃላንድ ነበር።

ኖርዌያዊው አጥቂ ግን ጎል ሲያገባ እንዲያ የሚቀመጠው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ሜዲቴሽን እንደሚወድና እንደሚያረጋጋው በግልጽ ተናግሯል። ከሹፈቱም በኋላ አልተወውም። በ2022/23 ለማንቸስተር ሲቲ በፕሪሚየር ሊጉ 36 ጎሎች አግብቶ ሪከርድ ሰብሯል። ጎሎቹን ሜዲቴሽን አስገኛቸው ማለት አይቻልም፤ ሳቁ እንዳላስቆመው ግን ታይቷል።

ብዙ ሰው ሜዲቴሽን ለመጀመር የሚያመነታው ይህንኑ ሳቅ ፈርቶ ነው። «ሰው ምን ይለኛል?» ይላል። ሌላው «ይሄ የመነኩሴ ሥራ ነው» ብሎ ይሸሻል።

ጆርዳንም ተጠራጥሮ ነበር

በቅርጫት ኳስ 11 የኤንቢኤ ዋንጫ በአሰልጣኝነት ያነሳው ፊል ጃክሰን የሰባኪ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ አባቱም እናቱም ሰባኪዎች ነበሩ። ቺካጎ ቡልስን ሲያሰለጥን ተጨዋቾቹን አስቀምጦ ትንፋሻቸውን ብቻ እንዲከታተሉ ያደርግ ነበር። የሚወስደውም 10 ደቂቃ ያህል ነው። ጃክሰን በ2013 ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚተርከው ማይክል ጆርዳን መጀመሪያ ላይ አሰልጣኙ የሚቀልድ መስሎት ነበር። በመሀል አንድ ዓይኑን ከፈት አድርጎ ጓደኞቹ የምር እያደረጉት እንደሆነ ሰረቅ አድርጎ አየ። ብዙዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነዋል! በጃክሰን ስር 6 ዋንጫ የበላው ኮከብ የጀመረው በእምነት ሳይሆን በጥርጣሬ ነው።

ለቡልስ ይህንኑ እንዲያስተምር በ1993 የመጣው ጆርጅ ማምፎርድም በፍቅር የገባበት ሰው አይደለም። በዩኒቨርሲቲ የታላቁ ጁሊየስ ኧርቪንግ የመኝታ ክፍል ተጋሪ ነበር። የተጨዋችነት ሕልሙን ጉዳት ቀጨው፤ ከሕመሙ ጋር ሲታገልም የሄሮይን ሱሰኛ ሆነ። በ1984 ከሱሱ ሲላቀቅ ሕመሙን የሚችልበት ሌላ መንገድ ፈለገና ሜዲቴሽን ውስጥ ገባ። በኋላ ከጃክሰን ጋር በሎስ አንጀለስ ሌከርስም ሠርቷል።

ትንፋሽ መቁጠር

ከሳቁ ቀጥሎ ጀማሪውን የሚያስቆመው «እኔ አልችልም፣ ሐሳቤ አያርፍም» የሚለው ነው። የማንም ሐሳብ አያርፍም። ዓይኑን የጨፈነ ደጋፊ ሦስተኛው ትንፋሽ ላይ ሳይደርስ ስለተሳተችው ፔናሊቲ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አለቃው ማሰቡ አይቀርም። ልምምዱ ሐሳብን ማጥፋት ሳይሆን መሄዱን ሲያውቁ ወደ ትንፋሽ መመለስ ነው። ኳስ የተነጠቀ አማካይ ሜዳ ላይ ቆሞ ራሱን አይረግምም፤ ሮጦ ቦታውን ይይዛል። እዚህም ነገሩ ያው ነው።

ለጀማሪ አንድ ሰዓት አይታዘዝም። ጠዋት ስልክ ከመንካት በፊት ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ 10 ትንፋሽ መቁጠር ይበቃል። ቁጥሩ ከጠፋ ከ1 እንደገና መጀመር ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ሲሆን ደግሞ «ዛሬ ላድርግ ወይስ ልተው?» የሚለው ክርክር እየቀነሰ ይሄዳል። እምነት መቀየርም፣ ልዩ ልብስም፣ ክፍያም አይጠይቅም። ከባድ ጭንቀት ወይም የእንቅልፍ ችግር ያለበት ግን ሐኪም ማየቱን በዚህ መተካት የለበትም።

እስኪያምኑበት መጠበቅ ደግሞ ግዴታ አይደለም። የሚጠራጠርም አንድ ዓይኑን ከፍቶ መጀመር ይችላል።