የጃናሞራ ሕዝብ ቁጥርና የመንገድ ነገር

በሰሜን ጎንደር ዞን የጃናሞራ ወረዳ ርዕሰ ከተማ የሆነችው መካነ ብርሃን ከሰሜን ተራሮች ባሻገር የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ወደዚያው የሚያደርሰው ነባር መንገድ የቧሂትን ተራራ ትከሻ ሲሻገር ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያልፋል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ወደ ወረዳው ሲገባ፣ ገብስና ባቄላ ወደ ውጭ ገበያ ሲወጣ ይህን የመሰለ ዳገት መውጣትና መውረድ ግድ ሆኖ ኖሯል።

በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የወረዳው ሕዝብ 117 ሺህ ያህል ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቁጥሩ ከ166 ሺህ በላይ ሆኗል። ጭማሪው ከመቶ 42 ያህል መሆኑ ነው። ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ከመቶ አራት አይሞላም። የቀረው በየሸንተረሩና በየሸለቆው ተበታትኖ የሚኖር ገበሬ ነው። ገደሉና ድንጋያማው ቦታ ሁሉ ተቆጥሮ እንኳ ለአንድ ሰው የሚደርሰው አንድ ሔክታር ያህል ብቻ ነው።

መሬቱ ሲጠብ ገበሬው ቁልቁለቱን ያርሳል። ከቁልቁለቱ የሚታጠበው አፈርና ጎርፍ ደግሞ መንገዱን ይቆርጣል። መንገድ ሲቆረጥ ነጋዴው በዋጋ ይጫወታል፤ ምጥ የጠናባት እናትም በቃሬዛ ሰው ትከሻ ላይ ትውላለች። ስለዚህ የሕዝብ ብዛትና የመንገድ ችግር የተያያዙ ናቸው።

መንገዱና ፓርኩ

በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1989 ዓ.ም. አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል ፓርኩን የሚያቋርጠው መንገድ፣ የእርሻና የሰፈራ መስፋፋት ይገኙባቸዋል። ፓርኩን በዳር የሚያልፍ ተለዋጭ መንገድ መሥራት ካስፈለገባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከዝርዝሩ ወጥቷል። ዋልያው እንዲጠበቅ፣ ገበሬውም መንገድ እንዲያገኝ ማድረግ የሚቻል መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ቁጥር ማወቅ ለምን ይጠቅማል?

ሕንድ በ1993 ዓ.ም. የገጠር መንገድ ፕሮግራም ስትጀምር በሜዳማ አካባቢ 500፣ በተራራማ አካባቢ ደግሞ 250 ነዋሪ ያለው መንደር ክረምት ከበጋ የሚያገለግል መንገድ እንዲደርሰው ወስና ነበር። ተራራማው መለኪያ ዝቅ ያለው መንደሮች ትናንሽና የተበታተኑ ስለሆኑ ነው። በአገራችንም በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ዓላማው ቀበሌዎችን ሁሉ ማገናኘት ነበር። ይሁን እንጂ መንገዱ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደረሰ ማለት ከወንዝ ማዶ ያለው ጎጥ መንገድ አገኘ ማለት አይደለም።

ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ የገበሬ ማኅበር መሪዎች የየጎጡን አባወራና እማወራ፣ ነፍሰ ጡሮችንና ለትምህርት የደረሱ ሕፃናትን ቁጥር ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ሆነው ቢመዘግቡ ይጠቅማል። ከመንገድ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቁትን ለይቶ መጻፍም ያሻል። ቁጥር ይዞ የቀረበ ጥያቄ በወረዳው ዘንድ ክብደት ይኖረዋል።

በእጅ ያለውን መጠበቅ

መንገድን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ውኃ ነው። ስለሆነም፣

ከሰኔ በፊት የመንገድ ዳር ቦዮችንና ቱቦዎችን ከደለል መጥረግ፤

የመንገዱን መሀል ከዳርና ዳሩ ከፍ አድርጎ ውኃው እንዳይተኛበት ማድረግ፤

ከላይ ካለው ማሳ የሚወርደውን ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ ወደ ሣር መሬት ወይም ወደ ወንዝ መመለስ፤

እርሻ እስከ መንገዱ አፋፍ እንዳይገፋ መከልከል ያስፈልጋል።

በጥርና በየካቲት ለእርከን ሥራ ከሚወጣው ጉልበት ጥቂት ቀናት ለዚህ ቢመደቡ፣ በክረምት ቃሬዛ የሚሸከሙ ጎረቤቶች ድካም ይቀላል፤ በዳገት ላይ የሚጠፋ የእናት ሕይወትም ይተርፋል።