ታናሽ ሲመጣ ታላቁ የት ይቀመጥ?

ታናሽ ሲወለድ ታላቁ በአንድ ጀምበር ትልቅ ሰው ይደረጋል። ገና ሁለት ዓመት ያልደፈነው ልጅ «አንተ እኮ ትልቅ ነህ» እየተባለ ከእናቱ ጭን ይወርዳል። አሜሪካ በሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ዘንድ ይህ ሹመት መኪና ውስጥም ይገባል፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቀመጥበት የነበረው ካር ሲት ለጨቅላው ይለቀቅና ታላቁ ወደ ፊት ዞሮ ይቀመጣል። ለሁለት ተከታታይ ልጆች ካር ሲት ሲመረጥ ከሁሉ በፊት መቅረት ያለበት ይህ ችኮላ ነው።

ምክንያቱ አንገት ነው። ሕፃን ሲወለድ ጭንቅላቱ የቁመቱን ሩብ ያህል ይይዛል። የአንገቱ አጥንቶችም እስኪጠነክሩ ዓመታት ይወስዳሉ። መኪና ከፊት ተጋጭቶ ድንገት ሲቆም ወደ ፊት ዞሮ የተቀመጠ ልጅ ትከሻው በማሰሪያው ተይዞ ሲቀር ጭንቅላቱ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ያን ሁሉ ጉተታ የሚሸከመው አንገቱ ነው። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረው ልጅ ግን ጀርባው፣ አንገቱና ጭንቅላቱ አንድ ላይ መደገፊያው ላይ ያርፋሉ። ስዊድናዊው ተመራማሪ በርቲል አልድማን ይህን መቀመጫ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያሰበው የጄሚኒ መንኮራኩር ጠፈርተኞች የመነሻውን ኃይል በመላ ጀርባቸው እንደሚቀበሉ አይቶ ነው። በአገሩ ልጆች እስከ አራት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ዞረው መጓዛቸው የተለመደ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2018 «እስከ ሁለት ዓመት» የሚለውን ገደብ ትቶ፣ ልጁ መቀመጫው የሚፈቅደውን ክብደት ወይም ቁመት እስኪደርስ ድረስ እንዳይዞር መክሯል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ቨርጂኒያና ሜሪላንድም፣ የመጀመሪያው ከ2019 ሁለተኛው ከ2022 ጀምሮ፣ ከጥቂት የክብደትና የቁመት ልዩነቶች በቀር፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ወደ ኋላ ዞሮ እንዲቀመጥ በሕግ ያዛሉ።

እንግዲህ ልጆቹ በሃያ ወር ቢበላለጡ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ወደ ኋላ ዞረው ይቀመጣሉ ማለት ነው። ለታላቁ የሚያስፈልገው ወደ ኋላም ወደ ፊትም የሚዞረው፣ ኮንቨርቲብል የሚባለው ዓይነት ነው፤ ብዙዎቹ ወደ ኋላ እንደዞሩ እስከ 40 ፓውንድ፣ ማለትም እስከ 18 ኪሎ ይይዛሉ። ለጨቅላው ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እጀታ ያለው፣ ከነልጁ ተነቅሎ የሚወጣው ነው። ይህ በቁመት ቶሎ ያልቃል፤ ብዙ ልጆች በዓመታቸው ገደማ ይበልጡታል። ቢሆንም የተኛውን ሳይቀሰቅሱ በአንድ እጅ አንስቶ በሌላው እጅ የሚሮጠውን ታላቅ መያዝ ለሚኖርባት እናት ትልቅ እፎይታ ነው። ከመጀመሪያው ልጅ የተረፈ ካለ፣ ግጭት ካልደረሰበትና ጊዜው ካላለፈበት እሱኑ ማውጣት ነው። ከሌለ ግን በኔ ግምት ገንዘቡን ለሁለት ኮንቨርቲብል ማዋል ይሻላል። አሜሪካ ውስጥ በሕግ የሚሸጥ ካር ሲት ሁሉ በሰዓት 30 ማይል የሚደረገውን የፊት ለፊት ግጭት ፈተና ማለፍ ግዴታው ነው። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ዋጋ በአብዛኛው ለጨርቁ፣ ለምቾቱና ለአገጣጠሙ ቅለት ነው። ስለዚህ ርካሽ ገዛሁ ብሎ የሚሸማቀቅ ወላጅ አይኑር።

ዋናው ፈተና ያለው የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ነው። ኮሮላን በመሰለ አነስተኛ መኪና ወደ ኋላ የዞረ መቀመጫ የፊተኛውን ወንበር ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ሾፌሩ ረጅም ከሆነ ጉልበቱ ዳሽቦርዱ ጋ ይደርሳል። በጣም የሚያዘነብለውንና ቦታ የሚፈልገውን የጨቅላውን መቀመጫ ከሾፌሩ ጎን ካለው ወንበር ጀርባ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይህን ያቃልላል። ስፋቱንም መለካት ያስፈልጋል። አራስ ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ የመጣችው አያት የምትቀመጠው በሁለቱ መካከል ነውና ቀጫጭን መቀመጫዎች የሚጠቅሙት ያኔ ነው። የእርሷ ቀበቶ መቆለፊያ በመቀመጫው ተሸፍኖ መቅረት የለበትም። አያት ብዙ ጊዜ «ልጁን ጭኔ ላይ ልያዘው» ትላለች፤ ከፍቅር ነው። ነገር ግን 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በሰዓት 30 ማይል ፍጥነት ሲጋጭ ለቅጽበት ከ200 ኪሎ በላይ ሆኖ ይጎትታል፤ የማንም ክንድ አይችለውም።

ከ2002 ወዲህ በአሜሪካ መኪናዎች የኋላ ወንበር ሥር ካር ሲት የሚታሰርባቸው የብረት መያዣዎች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ በዳርና በዳር ብቻ ናቸው። መሃል ላይ ለማሰር የመኪናውን ቀበቶ መጠቀም በደህንነት ከብረቱ አያንስም። መመሪያው ካልፈቀደ በቀር ግን ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም አይገባም። በትክክል የታሰረ መቀመጫ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ተይዞ ሲነቀነቅ ከአንድ ኢንች በላይ አይንቀሳቀስም። ወደ ኋላ የዞረ ልጅ ማሰሪያው ከትከሻው እኩል ወይም ዝቅ ብሎ መውጣት አለበት፤ የደረቱ መያዣም በብብቱ ልክ ይሁን። በክረምት ወፍራም ጃኬት ለብሶ የታሰረ ልጅ የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልጠበቀም፤ ጃኬቱ ወልቆ፣ ማሰሪያው ጠብቆ፣ ጋቢው ከላይ ይደረብለት። በየእሳት አደጋ ጣቢያውና በየሆስፒታሉ ብዙ ጊዜ በነፃ የሚያዩ የሠለጠኑ ባለሙያዎች አሉና በቀጠሮ መሄድ ነው።

ልጆቹ ሲያድጉ ካር ሲቱን በሻንጣ ጭኖ ለአዲስ አበባ ዘመድ መላክ የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ ሐሳቡ መልካም ነው። አስቀድሞ ፕላስቲኩ ላይ የታተመውን የተሠራበትንና የሚያበቃበትን ቀን ማየት፣ መመሪያውንም አብሮ መላክ ይገባል። አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ወዲህ የተሠሩ መኪናዎች ቀበቶ ካር ሲትን አጥብቆ እንዲቆለፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። በአብዛኛው እስከ መጨረሻው ተስቦ ሲመለስ ይቆለፋል። ለሌላ አገር ገበያ በተሠራ መኪና ላይ ግን ይህ ላይኖር ይችላል፤ ቀበቶው ካልተቆለፈ መቀመጫው ይላላል። ስለዚህ ለአገር ቤት የሚላከው የራሱ ቀበቶ መቆለፊያ ያለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል።