ከማሳ የሚነሣው መረጃ የማን ነው? የአውሮፓ የዲጂታል ሕጎች እና አርሶ አደሩ

በዛሬዋ አውሮፓ አንድ ትራክተር ማሳ ሲያርስ አፈር ብቻ አይገለብጥም። ምን ያህል ነዳጅ እንደፈጀ፣ መሬቱ በየትኛው ጥግ እንደጠጠረ፣ ዘሩና ማዳበሪያው በየትኛው መስመር ምን ያህል እንደወረደ በላዩ የተገጠሙ ሴንሰሮች ይመዘግባሉ። ኮምባይነሩም በአጨዳ ጊዜ ከእያንዳንዱ የማሳ ክፍል የተሰበሰበውን ምርት መጠን ይይዛል። ይህ መዝገብ በኢንተርኔት አማካኝነት ወደ አምራች ኩባንያው ኮምፒውተር ይሄዳል። መሬቱ የገበሬው፣ ድካሙ የገበሬው፣ ትራክተሩም በገበሬው ገንዘብ የተገዛ ከሆነ፣ መረጃውስ የማን ነው?

27 አባል ሀገራትን ያቀፈው የአውሮፓ ኅብረት ባለፉት ዓመታት ያወጣቸው የዲጂታል ሕጎች ብዙ ናቸው፤ ስማቸውም ቁጥራቸውም ያደናግራል። ሲጠቃለሉ ግን ሦስት ጥያቄዎችን ለመመለስ የተደረጉ ጥረቶች ናቸው። የኢንተርኔቱ መንገድ ለሁሉም እኩል ክፍት ነው ወይ? በብዙዎች ድካም የተሰበሰበውን እውቀት ማን ይጠቀምበታል? ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲሳሳትስ ተጠያቂው ማን ነው? ይህ ጽሑፍ ሦስቱን በየተራ ይመለከታል፤ በመጨረሻም ጉዳዩ እስከ ኢትዮጵያ የቡና ማሳ የሚደርስበትን መንገድ ያሳያል። የአውሮፓን ሕጎች የሚመለከቱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቦዩ ውሃ ለሁሉም በየተራው

በባሕላዊ መስኖ የሚያለማ አርሶ አደር የውሃ አባትን ሥራ ያውቀዋል። ከላይ ያለው ማሳ ውሃውን ጠልፎ እንዳያስቀር፣ ከታች ያለውም ተራውን እንዳያጣ የሚጠብቅ ሰው ነው። የኢንተርኔት አቅራቢ ኩባንያም እንዲሁ በቦዩ ራስ ላይ ተቀምጧል። ከፈለገ የአንዱን ድርጅት አገልግሎት በፍጥነት ሊያሳልፍ፣ የሌላውን ሊያዘገይ ወይም ሊዘጋ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 አጽድቆ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የክፍት ኢንተርኔት ደንብ ይህን ይከለክላል። አቅራቢው በመስመሩ የሚያልፈውን ሁሉ፣ ላኪው ማንም ይሁን ማን፣ በእኩልነት ማስተናገድ ይኖርበታል።

ደንቡ በፍርድ ቤት ከተፈተነባቸው ጉዳዮች አንዱ የተነሣው በሀንጋሪ ነው። በዚያ ሀገር ቴሌኖር የተባለው የስልክ ኩባንያ የሚሸጣቸው ጥቅሎች ነበሩ። ደንበኛው የገዛው ጥቅል ሲያልቅ የተመረጡ የመልእክትና የሙዚቃ መተግበሪያዎች መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ ሌላው ግን ይዘጋል ወይም ይዘገያል። ለተጠቃሚው ምርቃት ይመስላል። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ግን በሴፕቴምበር 2020 አሠራሩ ከደንቡ ጋር እንደሚቃረን ወሰነ።

ውሳኔው ለምን እንደሚጠቅም በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ ትንሽ ከተማ የሚኖር ወጣት የእህል ገበያ ዋጋ የሚያሳውቅ መተግበሪያ ሠራ እንበል። መተግበሪያው ከተመረጡት ዝርዝር ካልገባ፣ ጥቅሉ ያለቀበት ገበሬ ሊከፍተው አይችልም። ምርቃቱ ትልቁን ያሳድጋል፤ ትንሹን ግን ገና ሳይበቅል ያደርቀዋል።

የወል ግጦሽ እና የታጠረ ማሳ

እውቀትን በተመለከተ አውሮፓ የምትከተለው አንደኛው መንገድ የሕዝብ ገንዘብ የወጣበትን መረጃ እንደ ወል ግጦሽ ክፍት ማድረግ ነው። ለዚህ ጥሩ ማሳያው ኮፐርኒከስ የተባለው የኅብረቱ የመሬት ምልከታ መርሐ ግብር ነው። የመርሐ ግብሩ አካል የሆኑት ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች፣ የመጀመሪያው በ2015፣ ሁለተኛው በ2017 የመጠቁ፣ በጥንድ ሲሠሩ አንድን ቦታ በአምስት ቀን አንድ ጊዜ ያነሣሉ። በምስሉ ላይ ያለችው ትንሿ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ መሬትን ትወክላለች። በዚህ ስሌት ሩብ ሄክታር ማሳ በምስሉ ላይ 25 ነጥብ ገደማ ይሆናል።

በግብርና ኮሌጅ ስንማር የሰብሉን ቁመናና የቅጠሉን ቀለም የምንመዘግበው ማሳ ለማሳ በእግራችን እየዞርን ነበር። እነዚህ ሳተላይቶች ዓይን የማያየውን ብርሃን ጭምር ስለሚያነቡ፣ ሰብሉ በውሃ እጥረት ወይም በበሽታ መዳከም መጀመሩን ሊጠቁሙ ይችላሉ። በክረምት ደመና ሲሸፍናቸው ሥራቸው ይስተጓጎላል፤ ያኔ ሴንቲኔል-1 የተባሉት ደመናን ዘልቀው በራዳር የሚያዩ ሳተላይቶች ያግዛሉ። ዋናው ቁም ነገር ግን መረጃው በነፃ የሚገኝ፣ ለአውሮፓዊ ብቻም ያልተወሰነ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ የሚገኝ ተመራማሪም ሆነ ተማሪ ተመዝግቦ፣ ምንም ሳይከፍል ያወርደዋል።

ሁለተኛው መንገድ በግል ኩባንያ እጅ ያለውን፣ የታጠረውን መረጃ ይመለከታል። በ2018 የአውሮፓ የገበሬ ማኅበራትና የግብርና ማሽን አምራቾች በአንድ የሥነ ምግባር መመሪያ ላይ ተስማምተው ነበር። መረጃው ከማሳው የተነሣበት ገበሬ በአጠቃቀሙ ላይ ቀዳሚ ድምፅ እንዲኖረው የሚል ነው። ይሁን እንጂ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ስለነበር አስገዳጅ ኃይል አልነበረውም።

ከሴፕቴምበር 12/2025 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው የዳታ ሕግ ግን ጉዳዩን ከበጎ ፈቃድ ወደ መብት አሸጋግሮታል። ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ማሽን የሚጠቀም ሰው በአጠቃቀሙ የመነጨውን መረጃ ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለው። መረጃው ለመረጠው ሌላ ወገን እንዲተላለፍለትም መጠየቅ ይችላል። በተግባር ሲታይ፣ በአጨዳ ወቅት ትራክተር የተበላሸበት ገበሬ የአምራቹን ባለሙያ ብቻ እየጠበቀ ሰብሉ ዝናብ እንዳይመታበት፣ መረጃውን ለሰፈሩ መካኒክ እንዲሰጥለት ማዘዝ ይችላል ማለት ነው።

ክፍት እውቀትን የመጠበቁ ሥራ ያለ ጭቅጭቅ አልሄደም። በ2019 የቅጂ መብት ሕጉ ለድምፅ ሊቀርብ ቀናት ሲቀሩት፣ የጀርመንኛው ዊኪፒዲያ በተቃውሞ ለአንድ ቀን ገጹን ዘግቶ ነበር። ሕጉ ከአምስት ቀን በኋላ በ348 ድጋፍና በ274 ተቃውሞ ጸደቀ፤ ለትርፍ ያልተቋቋሙ የበይነ መረብ መዝገበ እውቀቶችን ግን ከከባዱ ግዴታ ነፃ አደረጋቸው። ተመራማሪዎች ብዙ ጽሑፎችን በኮምፒውተር እንዲመረምሩ ሲፈቅድ፣ ለሌላ ዓላማ ግን ደራሲው ሥራውን እንዳይወሰድ የመከልከል ምርጫ ሰጥቶታል።

ማሽን ሲሳሳት ማን ይጠየቃል?

ሦስተኛው ጥያቄ ከበደ የሚል ዋጋ የተከፈለበት ነው። በኔዘርላንድስ ሠራተኛ ወላጆች ለሕፃናት ማቆያ ከመንግሥት ድጎማ ያገኛሉ። የሀገሪቱ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ለማጭበርበር ተጋላጭ ናቸው የሚላቸውን አመልካቾች ለመለየት በኮምፒውተር ስሌት ይጠቀም ነበር። ስሌቱ የኔዘርላንድስ ዜግነት አለመኖርን እንደ አንድ የሥጋት ምልክት ይቆጥር ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ያለ ጥፋታቸው አጭበርባሪ ተባሉ። በቅጽ ላይ ፊርማ በመጉደሉ ብቻ ለዓመታት የተቀበሉትን ድጎማ በሙሉ እንዲመልሱ የታዘዙ ነበሩ። ብዙዎች ዕዳ ውስጥ ገቡ፤ ትዳርና ቤት የፈረሰባቸውም አሉ። "ለምን?" ብለው ሲጠይቁ መልስ የሚሰጣቸው አላገኙም። ጉዳዩ ይፋ ከወጣ በኋላ የሀገሪቱ ካቢኔ በጃንዋሪ 2021 ሥልጣን ለቀቀ፤ መሥሪያ ቤቱም በዚያው ዓመት መጨረሻ 2 ነጥብ 75 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ።

በኦገስት 2024 የጸና የሆነው የኅብረቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ እንዲህ ያለውን በደል ለመከላከል ያለመ ነው። ሕጉ አሠራሮችን በሚያስከትሉት አደጋ ልክ ይለያቸዋል። ሰዎችን በጠባያቸው እየመዘነ ነጥብ በመስጠት የሚበድል አሠራርን፣ በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት የሰውን ስሜት በማሽን መገመትን የመሳሰሉት ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ተከልክለዋል። ክልከላውን የጣሰ ኩባንያ እስከ 35 ሚሊዮን ዩሮ፣ ወይም ከበለጠ የዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢውን 7 በመቶ ሊቀጣ ይችላል።

ብድር ይገባዋል ወይም አይገባውም፣ ድጎማ ያግኝ ወይም አያግኝ የሚሉ አሠራሮች ግን አልተከለከሉም፤ ከፍተኛ ሥጋት ያለባቸው ተብለው ጥብቅ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። ሰው ሊቆጣጠራቸው ይገባል። የሠሩት ሥራ መመዝገብ አለበት። ውሳኔው የጎዳው ሰውም ማሽኑ በውሳኔው ላይ የነበረውን ድርሻ እንዲያብራሩለት የመጠየቅ መብት አለው።

ይህ ክፍል ገና ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመም። የከፍተኛ ሥጋት ግዴታዎች ከኦገስት 2026 ጀምሮ እንዲተገበሩ ታቅዶ የነበረ ሲሆን፣ የአውሮፓ ኮሚሽን በኖቬምበር 2025 ጊዜው እንዲራዘም ሐሳብ አቅርቧል። ኩባንያዎች የሕጎች ብዛት ሥራችንን አከበደው ይላሉ። የመብት ተሟጋቾች ደግሞ የኔዘርላንድስን ወላጆች እያስታወሱ፣ መዘግየቱ የሚጎዳው አቅም የሌለውን ነው ሲሉ ይሞግታሉ። ሁለቱም ወገን የሚያነሣው እውነት አለው፤ ከበደል በኋላ የሚመጣ ሕግ ግን የፈረሰ ቤት አይሠራም።

ጉዳዩ ወደ ቡና ማሳችን ሲመጣ

አውሮፓ ለራሷ ገበሬ የመረጃ መብት እየሰጠች ባለችበት ጊዜ፣ ከሌሎች ሀገራት ገበሬዎች መረጃ የሚጠይቅ ሌላ ሕግም አውጥታለች። በ2023 የወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ፣ ከዲሴምበር 31/2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። ለማረጋገጫም ቡናው የበቀለበት ማሳ የሚገኝበት የካርታ ነጥብ ይጠየቃል። እስከ አራት ሄክታር ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የማሳው ዙሪያ ወሰን መመዝገብ አለበት። የደንቡ ትግበራ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ዝግጅቱ ግን አልቆመም። ጀርመን ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ በመሆኗ ጉዳዩ ለሀገራችን ቀላል አይደለም።

ደንን መጠበቁ በጎ ዓላማ ነው። ነገር ግን ስልክ ይዞ ወደ ማሳ የመጣ ሰው ስምን፣ የመሬት ስፋትንና ቦታን መዝግቦ ሲሄድ፣ መረጃው የአርሶ አደሩ መሆኑ መረሳት የለበትም። የአውሮፓ የዳታ ሕግ በኅብረቱ ውስጥ ላለ የማሽን ተጠቃሚ የተጻፈ ነው፤ ለኢትዮጵያ ቡና አምራች መብት አይሰጥም። እኛን የሚመለከተን የሀገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። አዋጁ የግል መረጃ በሕጋዊ ምክንያት፣ ለታወቀ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል፤ አፈጻጸሙን የመከታተል ኃላፊነትም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል።

ስለዚህ ማሳው ሲመዘገብ አርሶ አደሩ አራት ነገሮችን ቢጠይቅ መልካም ነው። መረጃውን የሚሰበስበው ማን ነው? ለምን ዓላማ ይውላል? ለሌላ ወገን ይተላለፋል ወይ? የተመዘገበውንስ ቅጂ ማግኘት ይቻላል ወይ? በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ መዘንጋት የለበትም። የነጥቡን ቅጂ በእጁ የያዘ አርሶ አደር ወይም ማኅበር ነገ ሌላ ገዢ ሲመጣ እንደ አዲስ ለመመዝገብ አይገደድም፤ በዋጋ ሊደራደርም ይችላል። ቅጂው በአንድ ነጋዴ እጅ ብቻ ከቀረ ግን ቡናውን ለሌላ መሸጥ ያስቸግረዋል።

የትራክተሩም የቡናውም ጉዳይ መነሻቸው አንድ ነው። መሬቱን የሚያውቀው የሚያርሰው ሰው ነው፤ ከዚያ መሬት የተነሣውን መረጃ ማየትና መጠቀም የመጀመሪያው መብት የእርሱ ሊሆን ይገባል። አውሮፓውያኑ ይህን በሕግ ለማጽናት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። በእኛ ሀገር አዋጁ አለ፤ የቀረው በየቀበሌው መዝጋቢው ሲመጣ ጥያቄዎቹን መጠየቅ ነው።